ግራው እርካብ

ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ዓለምነው አዝመራው፤ ቆሰበር።

የእግዚአብሔር ሰላም ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ቤትዎ ይግባ። ክረምቱ እንዴት አለፈልዎ? ከብቱ፣ አዝመራው፣ ቦራው ፈረሴስ እንዴት ናቸው? እኔ እህትዎ ወርቅአየሁ የወለደችኝ ቢሻው ውዱ፣ አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለሁ።

ከቤት ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ ድምፄ ከጠፋ ደግሞ አምስት። በመካከል ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር፤ ይድረስዎ አይድረስዎ አላውቅም። ያለሁት ከሞምባሳ በመርከብ ዘጠኝ ቀን በምታስኬድ ትንሽ ደሴት ነው። በፈረስ ቢዞሯት ከጧት እስከ ቀትር ታልቃለች፤ ፈረስ ግን የለባትም። ለመርከቦች ምልክት የሚሰጥ መብራት አለ፤ የእኔ ሥራ እሱን መጠበቅ ነው። የፖስታ መርከብ የምትመጣው በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ የደረስሁት በ፲፱፻፶ ነው። ከምጽዋ የተቀጠርሁባት የጭነት መርከብ ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። ድንጋዩ ከውኃው በታች እንደ ካብ ተዘርግቶ የቆመ፣ ጫፉ እንደ መጋዝ ሹል የሆነ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ሰው አራታችን ተረፍን። የእኔ እግር ተሰብሮ ስለነበር የደሴቲቱ ሰዎች አክመው አዳኑኝ።

አሁን የምነግርዎትን ሲሰሙ ይስቁብኝ ይሆናል። ያ ድንጋይ ባለበት፣ ከጥልቁ የሚመጣው ማዕበል በድንገት እንደ ቤት ይነሣል። እዚህ ካዎ የሚባል አናጢ አለ፤ ከሌላ ሩቅ ባሕር የመጣ ሰው ነው። ከአንድ ግንድ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሳንቃ ጠርቦ፣ በዚያ ማዕበል ላይ ቆሞ መሄድ አስተማረኝ። አጎቴ፣ ቆሜ እሄዳለሁ! ቦራው ከቆሰበር ሜዳ ሲለቀቅ እንደሚሰማኝ ያለ ነገር ነው። መርከቤን በሰበረው ውኃ ላይ መቆም ለምን ደስ እንደሚለኝ እኔም አላውቅም።

እናቴ እንደምን ናት? ይህን ሲያነቡላት እባክዎን ስለ ውኃው ያለውን ይዝለሉት።

ልጅዎ ቢሻው ውዱ


መጋቢት ፫ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.፣ ቆሰበር

ቢሻው ነኝ ላሉት ሰው፤

ማንነትዎን ስለማላውቅ አንቱ እልዎታለሁ። ለእንግዳ የሚገባውን ሰላምታ እነሆ፤ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ወረቀትዎን ከዳንግላ ፖስታ ቤት ተቀብዬ እዚያው በረንዳው ላይ አነበብሁት። የእህቴን ልጅ ቢሻውን እኛ በ፲፱፻፶ ዓ.ም. በግንቦት ወር አልቅሰን ጨርሰናል። በምጽዋ ወደብ ሸክም ይሸከም የነበረ ደጉ የሚባል የአገራችን ሰው፣ መርከቧ ከነሰዎቿ እንደጠፋች አረዳን። እኔ ራሴ ቦራውን ጭኜ፣ በርኖሱንና ጋሻውን ኮርቻው ላይ አድርጌ፣ ከመቶ በላይ ፈረሰኛ ፊት ባዶውን ስቤአለሁ። በዚህ አገር ተጭኖ ባዶውን የሚሳብ ፈረስ የሞተ ሰው ፈረስ ነው። ይህን የማያውቁ ከሆነ አገውን አያውቁትም።

ደግሞስ ሰው በውኃ ላይ ቆሞ ሄደ ሲባል በወንጌል ያነበብሁት አንድ ጊዜ ነው። ጴጥሮስም ልሞክር ብሎ መስጠም ጀምሯል። የእኛ ቢሻው አባቱን ግልገል ዓባይ ከወሰደበት ወዲህ፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር ሲደርስ መንገድ ለውጦ የሚዞር ልጅ ነበር። ያ ልጅ ዛሬ እንደ ቤት በሚነሣ ውኃ ላይ ይጋልባል ይሉኛል። የሚዋሽ ሰው እንኳ ሰሚው የሚችለውን መጥኖ ይዋሻል።

ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር ላሉት፣ እዚህ የደረሰ ወረቀት የለም። «ለእናቴ ሲያነቡላት ስለ ውኃው ያለውን ይዝለሉት» ማለትዎንም ልብ ብያለሁ። ምን ይደብቃሉ?

ቢሻው ከሆኑ ሦስት ነገር ይመልሱ። አንደኛ፣ ግምጃ ቤት ገበያ ላይ ምን ደረሰብዎ? ሁለተኛ፣ ሲሸኝዎ አጎትዎ በእጅዎ ምን ሰጠዎት? ሦስተኛ፣ እናትዎ በቤት ውስጥ በአገውኛ የምትጠራዎት ስም ማን ነው?

ዓለምነው አዝመራው


ሐምሌ ፳ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ዓለምነው፤

ቢጠሉኝም ቢወዱኝም ሰላምታዬን አላጎድልም፤ ጤናዎ የተሟላ ይሁን።

«አንቱ» ብለው የጻፉልኝን ሳነብ ከመብራቱ ማማ ደረጃ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። በቁሜ መቀበሬን የሰማሁት በእርስዎ እጅ ጽሕፈት ነው። እሺ፣ ልመልስ። ግምጃ ቤት ገበያ ላይ የእርስዎ በቅሎ ጣለችኝ፤ የተሸከምሁት የማር ገንቦ ተሰብሮ ሰው ሁሉ ጣቱን እያጠቀሰ ሲልስ እርስዎ ከሁሉ በላይ ሳቁ። ሲሸኙኝ የሰጡኝ የቦራውን እርካብ ነው፤ የግራውን። ቀኙን እርስዎ አስቀሩት። «ግማሹን የያዘ ሰው ለግማሹ ሲል ይመለሳል» ብለውኝ ነበር። እርካቡ ከመርከቧ ጋር ሰጠመ።

ሦስተኛውን አልመልስም። ያ ስም የእናቴ ነው። ይህን ወረቀት ማን ማን እንደሚያነበው አላውቅም። እሷ ራሷ ትጠይቀኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ስለ እናቴ ጠይቄዎት ነበር። እርስዎ ስለ ደጉ ጻፉ፣ ስለ ጴጥሮስ ጻፉ፤ ስለ እሷ አንድ ቃል የለም። ለምን? ጥርባ ያለውን መሬቴን ማን ያርሰዋል? ልጅዎ ሽባባው ነው? የሞተ ሰው መሬት እንደማይጠይቅ እኔም አውቃለሁ። ቢሻው ሞቶ መቅረቱ ለማን እንደሚበጅ እዚህ ብቻዬን ተቀምጬ ሳስብ ሐሳቤ ወደ መጥፎ ነገር ይሄድብኛል። እንዲሄድ ግን አልፈልግም።

ውኃውን ውሸት ነው ስላሉኝ እንዴት እንደሆነ ላስረዳዎ። ማዕበሉ ከሚሰበርበት አልፌ፣ ሳንቃው ላይ በደረቴ ተኝቼ በእጄ እየቀዘፍሁ ወደ ውጭ እወጣለሁ። የምወጣው ድንጋዩ በተከፈተበት በር በኩል ነው፤ በሌላ በኩል የሞከረ ይቀረጣጠፋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ትልቁ ሲመጣ ውኃው ከሥርዎ ወደ ላይ ሲስብዎ ይሰማዎታል። ያኔ ቀዝፎ፣ ቀዝፎ፣ ዘሎ መቆም ነው። ፊት ለፊት መሄድ የለም፤ ፊት ለፊት ድንጋዩ አለ። ወደ ጎን፣ ከሚፈርሰው ውኃ እየሸሹ፣ ወደ በሩ መጋለብ ነው። የወደቀ ሰው ጠፍጣፋ ሆኖ መውደቅ አለበት፤ ጀርባዬ ላይ ያለው ጠባሳ ያንን ሳላውቅ የወደቅሁበት ነው። ካዎ በእግሬ ይስቃል፤ እንደ ጦጣ ነው የምትይዘው ይለኛል። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

ስለ እናቴ ይጻፉልኝ።

ቢሻው


ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.፣ ቆሰበር

በደሴት ላሉት ሰው፤

ሰላም ይሁኑ። አዝመራው ደህና ነው፤ ገብሱ ዘንድሮ አላሳፈረንም።

የበቅሎዋን ነገር የግምጃ ቤት ገበያተኛ በሙሉ ያውቃል፤ አሁንም ድረስ ሲያወሩት እሰማለሁ። እርካቡን ከቢሻው ጋር አንድ ጎጆ ያደረ የምጽዋ ጓደኛው ሊያውቅ ይችላል፤ ወጣት ከቤቱ ሲርቅ የማያወራው የለም። እርካቡ ደግሞ ሰጠመ ይላሉ። እንዴት ያለ ምቹ መስጠም ነው! ማንም የማያውቀውን አንዱን ጥያቄ ብቻ ሲደርሱ «አልመልስም» አሉ። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?

ከዚያ በኋላ የመጣው ምንድን ነው? መሬት። ጥርባ ያለው መሬት ማን ያርሰዋል አሉ። ወረቀቱን አጥፌ «አሃ፣ መጣ!» አልሁ። አዎን፣ ሽባባው ያርሰዋል። መሬት ጾሙን ካደረ ዘመድ ነኝ ባይ ይበዛበታል። እህሉ የት እንደሚገባ ለእርስዎ ልነግር አልገደድም።

ስለ እህቴ አልጽፍም። እስከማውቅዎ ድረስ ስሟንም ከአፌ አያወጡትም። እነዚህን ወረቀቶች የማነባቸው ብቻዬን ነው፤ የማስቀምጣቸውም ሰው እጁን በማይሰድበት በዳዊቴ ማኅደር ውስጥ ነው። አንዲት ሴት አንድ ልጇን ሁለት ጊዜ እንድታለቅስ የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ያ ሰው እኔ አልሆንም።

መልክዎን ይላኩ። ፎቶግራፍ የማታውቅ ደሴት የለችም። ውኃ ላይ እቆማለሁ ካሉም ቆመው ይታዩ።

ዓለምነው አዝመራው


ሚያዝያ ፰ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው። ጦም ፈትተው ይሆን? እኔ የጦሙን ቀን ስቆጥር ሳልሳሳት አልቀርም።

ፎቶግራፉ እነሆ። መብራቱን ሊያይ በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣው ተቆጣጣሪ፣ ጀልባውን በድንጋዩ በር ላይ አቁሞ አነሣኝ። ያን ቀን ማዕበሉ ከወትሮው የከፋ ስለነበር ካዎ እንኳ ከዳር ቁጭ ብሎ «ዛሬ ይቅርብህ» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ተቆጣጣሪው ዳግመኛ እስኪመጣ ዓመት መጠበቅ ነው፣ አጎቴ ደግሞ ቆመህ ታይ ብሎኛል ብዬ ወጣሁ። ውኃው ሲሸሽ የድሮዋ መርከቤ የጎን አጥንት ከድንጋዩ መካከል ብቅ ይላል፤ በእሱ አጠገብ አልፌ ወጣሁ። ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሳንቃው አንድ ጊዜ አገጬን መታኝ፣ ደም ዋጥሁ። በሦስተኛው ቆምሁ፤ እስከ በሩ ድረስም ሄድሁ።

ፊቴ ግን አይታይም። ሰውዬው ያነሣኝ ዞሬ ሳለ ነው፤ ፊልሙም በዚያው አለቀበት። እንግዲህ እርስዎ ምን እንደሚሉ ከአሁኑ ይሰማኛል፤ «እንዴት ያለ ምቹ መዞር ነው» ይላሉ።

እውነቱን ልናገር፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ነበር ያልሁት ውሸት ነው። አንድም አልጻፍሁም። አባቴን ግልገል ዓባይ የወሰደው ዕለት እናቴ እጄን ይዛ «ከጉልበትህ በላይ ውኃ አትገባም» ብላ በጊዮርጊስ አስምላኛለች። ይህን ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ምጽዋ ሳለሁ አስመራ ነኝ እያልሁ በሰው ቃል እልክላት ነበር። መርከቧ ስትሰበር፣ አሥራ አምስት ሰው ሲያልቅ፣ የእኔ መሐላ ማፍረስ ያመጣው መሰለኝ። ምን ብዬ ልጻፍላት? አምስት ዓመት ዝም ያልሁት አፍሬ ነው።

እሷ ሞታ ከሆነ፣ እና እርስዎ ይህን ሁሉ ጥያቄ የሚያበዙት ያንን ላለመናገር ከሆነ፣ ይንገሩኝ። መሬቱን ሽባባው ይውሰደው፤ ፈረሱንም ይውሰደው። ለዚህ ወረቀት መልስ ካላገኘሁ ሌላ አልጽፍም። እናቴ እንደሞተች፣ እኔም እንደሞትሁ እቆጥረዋለሁ።

ቢሻው


መስከረም ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ ቆሰበር

ይድረስ ለልጄ ለቢሻው ውዱ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰህ። እንደምን ከረምህ፣ ልጄ? አገጭህ ዳነ ወይ? እናትህ አለች። ቀድሜ ይህን መጻፍ ነበረብኝ፤ ገና በመጀመሪያው ወረቀት መጻፍ ነበረብኝ። አለች፤ ዓይኗ ግን ደክሟል።

ፎቶግራፉን የተቀበልሁት በነሐሴ ጭቃ ነው። ሳየው ፊት የለውም። ልክ አንተ እንደ ጻፍኸው «እንዴት ያለ ምቹ መዞር ነው!» አልሁ፤ አልዋሽህም። ቆርጦ የለጠፈው እንደሆነ ላጣራ ብዬ ዳንግላ ወዳለው ሰዓት ሠሪ ወስጄ፣ በዓይኑ የሚያደርጋትን ማጉያ መስተዋት ተዋስሁ። ሰዓት ሠሪው አየና «እውነተኛ ፎቶግራፍ ነው፤ ሰውዬው ግን ማንም ሊሆን ይችላል» ብሎ መለሰልኝ። እኔ ደግሞ አየሁ። ከውኃው ወደ ጀርባው፣ ከጀርባው ወደ ጠባሳው፣ ከጠባሳው ወደ እግሩ ወረድሁ።

ቢሻው፣ ግራ እግርህን አየሁት። አውራ ጣትህ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ወደ ውስጥ ቆልመም ብሎ፣ ባዶውን ይዟል። ሳንቃው ላይ እርካብ የለም፤ ጣትህ ግን እርካብ ይዟል። የባሕር ሰው እንዲያ አይቆምም። የከተማ ሰው በጫማ የሚጋልብ እንዲያ አይቆምም። በልጅነቱ አውራ ጣቱን በብረት ቀለበት አስገብቶ የጋለበ የእኛ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚቆመው። ቀለበቱን ጣትህ ላይ መጀመሪያ ያስገባሁልህ እኔ ነኝ፤ ጠብቦህ አልቅሰህ ነበር። ያ የሚስቅብህ አናጢ ያየው ይህንኑ ነው። አንተ ራስህ ያላወቅኸውን ነገር ሌላ ሰው እንዴት አውቆ ይሰርቅሃል? መስተዋቱን ለሰውዬው መለስሁለት። «ምን አገኙ?» አለኝ። «እግር» አልሁት። የሰከርሁ መሰልሁት።

እናትህ ምስር ስትለቅም ደረስሁ። ያሉትን ወረቀቶች ሁሉ ከማኅደሩ አውጥቼ፣ ውኃውንም መሐላውንም ሳልዘል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ምስሩ ከጭኗ ፈሰሰ፤ አልለቀመችውም። አላለቀሰችም። ስጨርስ ፎቶግራፉን ተቀብላ፣ ስላልታያት፣ «እግሩ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ጣቷን ይዤ አሳየኋት። በጣቷ ዳሰሰችው።

ከዚያ «ዓለምነው፣ ስንት ጊዜ ነው ዳንግላ የሄድኸው?» አለች።

«ሦስት» አልሁ።

«ሦስቱንም ጊዜ ጨው ልገዛ ነው ብለህ ጨው ሳትይዝ ነው የተመለስህ። ዳንግላ ሴት ይዞ ነው፣ በዚህ ዕድሜው ይበለው ብዬ ዝም አልሁህ። አንተ ግን ልጄን በማኅደር ደብቀህ ኖሯል። አንድ ዓመት ከመንፈቅ!»

ሁለት ጊዜ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው አልኋት። «እኔ መቼ ጨርሼ ነው ሁለተኛ የምጀምር?» አለችኝ። ሌላም ነገር አለ፣ ለእሷ ያልነገርኋት፤ ለአንተ ልንገርህ። ያን ግንቦት በመቶ ፈረሰኛ ፊት ቦራውን የሳብሁት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ እንደሆነ ማሰብ አልፈለግሁም። ያጠራጠረኝ ወረቀትህ ብቻ አልነበረም፤ ኀፍረቴም ነው።

ስለ ጥርባው መሬትህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ እህሉ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በእናትህ ጎተራ ነው የሚገባው። ሽባባው ጉልበቱን ብቻ ነው የሰጠ።

ከዚህ በታች ያለው የእናትህ ቃል ነው። እንዳለችው እጽፈዋለሁ፤ በእኔ ላይ ያለውንም አልቀንስም።

«ልጄ፣ መሐላህን ሰምቻለሁ። እሱን መጥተህ ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ። እኔ ያስማልሁህ እንዳትሞትብኝ ነበር፤ አልሞትህብኝም። እንግዲህ ምን እልሃለሁ? በውኃ ላይ ትቆማለህ ሲሉኝ ፈራሁ፤ ግን ጣትህን ዳሰስሁት። ስሙን ንገሪኝ ልጻፈው ብሎኝ ነበር ዓለምነው፤ አልነገርሁትም። ስትመጣ በአፌ እጠራሃለሁ። ለከርሞው ጥር ጊዮርጊስ፣ ፈረሰኛው ሜዳ ሲወጣ እንድትደርስ። ቦራውን ባዶውን የሳበው አጎትህ ነው፤ አጎትህ ይመልሰው። ዳንግላ ድረስ፣ በእግሩ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ ይሳበውና ይቀበልህ። ወርቅአየሁ።»

ሽባባው ይሂድልኝ ብዬ ለመንኋት፤ አይሆንም አለች። ሌሊት ልነሣና ሰው ሳይበዛ ልለፍ አልሁ፤ እሱም አይሆንም። ስለዚህ ከቆሰበር ዳንግላ በእግሬ ነው። ቦራው አርጅቷል፤ እኔም አርጅቻለሁ፤ ተያይዘን እንደርሳለን። ቀጥቃጩ ግራውን እርካብ ሠርቶልኛል። በቀኙ ልክ አስለክቼ አሠራሁት፤ ትናንት ኮርቻው ላይ አስሬዋለሁ። ያን ቀን ቦራው የተሳበው በአንድ እርካብ ነበር።

ከአስመራ በጎንደር በኩል ነው የምትመጣው፤ አውቶቡሱ ዳንግላ የሚገባበትን ቀን ጻፍልኝ። ተጭኖ ባዶውን የሚሳብ ፈረስ ያየ ሰው በመንገዱ ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ይጠይቀኛል። ለያንዳንዱ ቆሜ፣ ማንም አልሞተም፣ ተሳስቼ ነው እለዋለሁ። አንተ ብቻ ና።

አጎትህ ዓለምነው አዝመራው